ሊማሊሞን በፓውዛ

ወንድሜ ፓውዛውን የገዛው ማንንም ሳያማክር ነው። ነሐሴ 2011 ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደወለልኝና «አውቶ ፓርኮ ድረስ ብቅ በል፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝ። ስደርስ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሩ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ኤሌትሪሲስታው ባትሪው ላይ ጎንበስ ብሏል። መሬት ላይ በተዘረጋ ካርቶን ላይ ክንድ የሚያህል የኤልኢዲ ፓውዛ ተጋድሟል፤ ካርቶኑ «300 ዋት» ይላል። ከጎኑ ደግሞ ቡጢ የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ።

«ከእንግዲህ ሊማሊሞ ማታም ቀን ነው» አለኝ ወንድሜ፣ አራስ እንደሚያስጎበኝ ሰው ፈገግ ብሎ።

እኔ መኪና አልነዳም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። የተማርኩት ታሪክ ነው። ስለ መኪና የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ከአባታችን ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን የጨረሰው በጎንደርና በሽሬ መካከል ዕቃ ሲያመላልስ ነው። ወንድሜ መሪውን ወረሰ፣ እኔ ወሬውን። እሱ ቱሪስት ይዞ ሰሜን ተራሮች ይወጣል፤ እኔ ደግሞ እሱ ሲመለስ ቁጭ ብዬ የሆነውን አስወራዋለሁ። ስለዚህ ያን ቀንም ያደረግኩት የለመድኩትን ነው፤ ጥግ ይዤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ አዳመጥኩ።

«ካቻቢቴ አቀብለኝ።» «ፓራውልቱ ላይ ይታሰር ወይስ ፖርቶመጋላው ላይ?» «ፍሬቻው ይሠራል?» «እስኪ ሞተሪኖውን ሞክረው።»

እስኪ ቃላቱን ልብ በሏቸው። ካቻቢቴ በጣሊያንኛ ካቻቪቴ ነው፣ ኮፈን ኮፋኖ ነው፣ ፓራውልት ፓራኡርቲ ነው፣ ፖርቶመጋላ ደግሞ ፖርታባጋሊ፣ የሻንጣ መጫኛ። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው፤ የድሮ መኪኖች መታጠፊያ ምልክት ከጎን ብድግ የምትል ክንድ ነበረች። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ጎማ ሁሉም እንደዚያው። እንግሊዝኛው የሚጀምረው ኤሌትሪሲስታው አዲሶቹን ዕቃዎች ሲያነሳ ነው፦ ሪሌ፣ ፊውዝ፣ ኤልኢዲ። አንድ መኪና ላይ ሁለት ዘመን ተሸክመን ነው የምንዞረው። የቆምንበት ሰፈር ስም ራሱ፣ አውቶ ፓርኮ፣ በጣሊያንኛ የተሽከርካሪ ማቆሚያ ግቢ ማለት ነው።

ቃላቱ የመጡት በካሚዮን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ፣ ከኤርትራ በኦምሃጀር በኩል መጥቶ ጎንደር ገባ። የመጣው በምዕራቡ ቆላ ዞሮ ነው። የደጋው መንገድ ገና አልነበረማ! ሊማሊሞ ለጎማ የሚሆን አልነበረም።

ለእግርና ለኮቴ ግን ነበር፤ ለዚያውም ከረጅም ዘመን ጀምሮ። ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ አድርጎ ጎንደር የሚገባው የሲራራ ነጋዴ መውጫው ይኸው አቀበት ነው። ጨውም ጨርቅም በዚያ ወጥቷል፤ የዝሆን ጥርስም ሰውም በዚያ ወርዷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ በዚሁ ገደል እየተንጠላጠለ ወጥቶ ነው ጎንደር የደረሰው። አቀበቱን እንደዋዛ አትዩት። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሥሯ ያለችው ዛሪማ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ላይ ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ያወልቃል።

እና ነጋዴው በጨለማ አይሄድም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭነት ይራገፋል፣ እሳት ይነዳል፣ አጋሰሱ በክብ ይታሰራል። ችቦም ፋኖስም ለሰፈር እንጂ ለመንገድ አልነበረም። ሊማሊሞ ላይ በሌሊት መንቀሳቀስ በሞተር የመጣ ልማድ ነው፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱ ይመስለኛል።

ጣሊያኖቹ ጎንደርን ከያዙ በኋላ የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን ሠሩ። ከአስመራ በአድዋ፣ በአክሱምና በሽሬ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወጣውንም መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከገደሉ ላይ ፈልፍለው አወጡት። አሁንም ድረስ ሰው ሊማሊሞን ሲያይ «ጣሊያን እንዴት ሠራው!» ይላል። የሚያስደንቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ግን ለማን ተብሎ እንደተሠራ አይረሳ። መንገዱ ጦር ማመላለሻ ነበር። ኩርባው የተለካው በጭነት ካሚዮን ነው፤ ያገሬው ሰው የተቆጠረው በቀን ሠራተኝነት እንጂ በተጓዥነት አይደለም።

ያ የጦር መንገድ መሆኑ በ1933 ክረምት ለይቶለት ታየ። አዲስ አበባ ነፃ ወጥታ፣ ንጉሡ ገብተው፣ ጎንደር ግን ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ደባርቅ አጠገብ፣ ልክ የሊማሊሞ አናት ላይ ያለው የወልቅፊት ምሽግ ከአስመራ የሚመጣውን ጦር እንደ ቡሽ ወትፎ ያዘው። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበውት ከረሙ፤ እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ላይ ነው። ኅዳር 18 ቀን ደግሞ ጎንደር ራሷ ወደቀች፣ ጄኔራል ናሲም እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ እሷ ነበረች። ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱ፣ ካሚዮኑና ካቻቢቴው ቀሩ።

የቀሩትን ካሚዮኖች ሰው በቁጥራቸው ነበር የሚጠራቸው። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተባለ፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ»። አባታችን ረዳት ሆኖ የጀመረበት ኤንትሬ መሪው በቀኝ ነበር። ጣሊያኖች ከባድ መኪናቸውን ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፤ ተራራ ላይ ሾፌሩ ከገደሉ ጠርዝ በኩል ተቀምጦ ጎማው የት እንደሚረግጥ በዓይኑ እንዲያይ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ አንገቱን በመስኮት ያወጣ ይመስል ዘንበል ይል ነበር።

ስለ መብራቱም ያወራ ነበር። የኤንትሬ የፊት መብራት አምፖል 50 ዋት አካባቢ ቢሆን ነው፤ መስታወቱ በአቧራ ደብዝዞ፣ ባትሪው ደክሞ፣ «ኩራዝ ይዞ ገደል እንደመውረድ» ነበር የሚለው። ረዳቱ ከስፖንዳው ላይ ታኮ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ፍሬን ከሸሸ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ይወረውራል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ነጠላ ትከሻው ላይ አድርጎ ከመኪናው ፊት ፊት ይሄዳል፣ ሾፌሩም ነጩን ነጠላ እያየ ይከተላል። ልጅ ሆነን ይህንን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ኤሌትሪሲስታው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ላቡ ጠብ አለ። ነገሩ ደስ ስለሚል ላስረዳችሁ።

ፓውዛ በቀጥታ ከባትሪ ወደ ማብሪያ ተስቦ አይታሰርም። ብዙ ጉልበት ስለሚስብ ማብሪያውን ያቀልጠዋል፣ ሽቦውንም ያግላል፤ መኪና የሚያቃጥለው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ሪሌ ይገባል። ሪሌ ሁለት ወገን አለው። 30 እና 87 የሚል ቁጥር ባለው በኩል ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪ በፊውዝ አልፎ ወደ ፓውዛው ይሄዳል። 85 እና 86 በሚለው በኩል ቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመጣና ውስጡን ማግኔት አድርጋ ወፍራሙን መስመር ትዘጋለች። ቃሉ ድሮ በፈረንጅ አገር ለደከመ ፈረስ በየጣቢያው የሚቀየር ተተኪ ፈረስ ማለት ነበር። ሲራራ ነጋዴዎቻችን ይህንን ቢሰሙ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

ወንድሜ የፈለገው ፓውዛው ከረጅም መብራት ጋር አብሮ እንዲበራና አብሮ እንዲጠፋ ነው። ሰውየው ቀጭኗን ሽቦ ከረጅሙ መብራት ላይ ቀጠላት፣ ሌላኛውን ጫፍ ቦዲ ላይ አሰረው፤ ደንበኛ አሠራር ነው። ሲሞክሩት ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ አጭር ሲበራ ፓውዛው ቦግ ይላል፣ ረጅም ሲበራ ድርግም!

«ሰይጣን ገብቶበታል» አለ ወንድሜ።

ሰይጣኑ ቶዮታ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ መብራቱ ሲበራ ፖዘቲቩ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል፤ ረጅምና አጭር የሚመረጠው በኔጋቲቩ በኩል ነው። ስለዚህ አጭር ሲበራ የረጅሙ ሽቦ ባዶ አይደለም፤ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ የመጣ ፖዘቲቭ አለበት፣ ሪሌውን የሚያስነሳውም እሱ ነው። ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ፣ ዞረ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣ በመጨረሻ ቦዲ ላይ የነበረውን ጫፍ አንስቶ ፖዘቲቭ ላይ አሰረው። ተስተካከለ። ከዚያ አምፔር መለኪያ አስገባና ሳቀ። ፓውዛው የሚስበው 7 አምፔር ነው። በ13.5 ቮልት ብታባዙት 95 ዋት ገደማ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የነበረው 300 የት እንደሄደ እግዜር ይወቅ።

95ም ቢሆን ግን ቀልድ አይደለም። ኤልኢዲ በዋት ሲለካ ከድሮው አምፖል ብዙ እጥፍ ያበራል። እዚህ ለመድረስ የመጣበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ስትገባ፣ በዚያ ዘመን መኪኖች ፊት ላይ ይበራ የነበረው እሳት ነው፤ ካርባይድ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ጋዝ እየነደደ። ዛሬ በፓውዛ የምናውቀው ሄላ የሚለው የጀርመን የንግድ ስም እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ለዚሁ የጋዝ መብራት ነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ አምፖል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለት ነገር ሆነ፦ አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው የመኪና ሃሎጅን አምፖል ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኒክ ሆሎንያክ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የምትሰጥ የመጀመሪያዋን ኤልኢዲ ሠራ። አንዱ ወዲያው መኪና ላይ ወጣ። ሌላዋ ለዓመታት በሬዲዮና በካልኩሌተር ላይ እንደ ሚጥሚጣ ቀልታ ቀረች። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስፈልግ ነበር፤ ሰማያዊው ደግሞ አስቸገረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው ጃፓኖቹ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተሳካላቸው፤ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጣቸው። ኖቤሉ በተሰጠ በአምስተኛው ዓመት የእኛ ሰውዬ አውቶ ፓርኮ ላይ በካቻቢቴ እያሰረው ነው።

መስከረም 2012 ላይ ወንድሜ ከደባርቅ ተነስተው በእግር ወደ አዲ አርቃይ የወረዱ ሦስት እንግዶችና ምግብ አብሳያቸውን ሊያመጣ ሄደ። ፓውዛውን ላይለት አብሬው ወረድኩ። ሰዎቹ ከተባለው ሰዓት አራት ሰዓት ዘግይተው መጡ፤ አንዱ እግሩ አብጦ ነበር። ዛሪማን ስናልፍ መሸ።

መጀመሪያ ላይ ፓውዛው ልክ እንደተባለው ነበር። ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦው፣ መንገድ ዳር የምታበራ የጅብ ዓይን ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኋላ ያሉት እንግዶች «ዋው» ይላሉ፤ ወንድሜ በመስታወት እያያቸው ይኮራል። እኔ ግን ቀስ በቀስ አንድ ነገር ታየኝ። ፖርቶመጋላው ላይ የታሰረው ፓውዛ የሚያበራው አፍንጫው ወደዞረበት ነው። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ የመኪና አፍንጫ አብዛኛውን ጊዜ የዞረው ወደ ገደሉ ነው። በየኩርባው ያ ሁሉ ብርሃን መንገዱን ትቶ ባዶ አየር ላይ ይፈሳል፤ ማዶ ያለውን ተራራ ያበራል፤ እኛ ልንረግጠው ያለው መሬት ግን በጎን ጨለማ ነው።

በስንተኛው ኩርባ እንደሆነ አላውቅም፣ ስንታጠፍ ኤፍኤስአር ፊት ለፊታችን ተገተረ። ቁልቁል እየወረደ ነበር። ወንድሜ ፍሬን ያዘ። እሱም ያዘ፣ ጎማው ጠጠር ላይ ተንሸራተተና የፊት ግራው ጠርዙ ላይ ቆመ። ረዳቱ ገና መኪናው ሳይረጋ ዘሎ ወርዶ ታኮ ወረወረ። ያኔ ብቻ ነው ወንድሜ ፓውዛውን ያጠፋው።

ሾፌሩ ወረደ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ይሳደባል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተሳደበም። ዓይኑን በእጁ መዳፍ እያሸ መጣና ወንድሜ መስኮት ላይ ተደገፈ።

«አንተ መንገዱን አየህ» አለው። «እኔ ምን እንዳየሁ ጠይቀኝ እስኪ።»

ወንድሜ ዝም አለ።

«ምንም። ምንም አላየሁም፣ ወንድሜ።»

በኋላ ቤት ገብቼ አሰላሁት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ዓይን በኃይለኛ ብርሃን ሲመታ ለማየት ሦስት ሴኮንድ ቢፈጅበት 33 ሜትር በዕውር ተነዳ ማለት ነው። ሊማሊሞ ላይ በሁለት ኩርባ መካከል ከዚያ ያነሰ ርቀት ያለበት ቦታ ሞልቷል።

ኤፍኤስአሩን በድንጋይ ደጋግፈን ወደ ኋላ አስወጣነው። ጉዞ ቀጠልን፣ አሁን በአጭር መብራት። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ። የደባርቅን የመስከረም ጉም የማያውቅ ሰው ወተት ውስጥ ገብቶ ያስበው። ወንድሜ መላ ጠፍቶት ፓውዛውን አበራው። ፓራብሬዛው ላይ ነጭ ግድግዳ ቆመ። የጉም ጠብታ ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይናችን ይረጨዋል፤ መብራቱ ከዓይን ከፍታ አጠገብ ሲሆን ደግሞ የሚታየው መንገዱ ሳይሆን ራሱ ብርሃኑ ነው። 95 ዋት የኖቤል ብርሃን አብርተን የመኪናችንን አፍንጫ ማየት አቃተን።

አጠፋው። ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል። ከዚያ ምንም ሳንነጋገር በሩን ከፍቼ ወረድኩ። የእንግዳዋን ነጭ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ የእጅ ባትሪዬን ወደ መሬት አበራሁና የገደሉን ጠርዝ በግራ እያየሁ ፊት ፊት ሄድኩ። ወንድሜ በአጭር መብራት ተከተለኝ። ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደዚያ ሄድን። የአባቴ ኩራዝ ትዝ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ያለኝ እግሬ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው።

ጎንደር ከተመለስን በኋላ አባታችንን ረዳት አድርገው ሥራ ያስለመዱት ሽማግሌ ጋ ሄድን። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን አይሰጥም። ቡና እስኪፈላ ወንድሜ የሆነውን ነገራቸው።

«ስንት ሻማ ነው?» አሉ።

በእሳቸው አፍ አምፖል በሻማ ነው የሚቆጠረው፤ አርባ ሻማ፣ ስድሳ ሻማ። ወንድሜ «መቶ ገደማ ነው አባባ፣ ግን የድሮው መቶ አይደለም» አላቸው።

«እኔ ኩርባ ላይ ስደርስ ምን እንደማደርግ አባትህ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

«አጠፋዋለሁ» አሉ።

ወንድሜ የሰማ አልመሰለውም። «ምኑን ነው የሚያጠፉት?»

«መብራቱን ነዋ! ፍጥነት ቀንሼ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል። ከዚያ ገደሉን አያለሁ። ከላይ የሚመጣ ካለ ብርሃኑ ቀድሞት ድንጋዩ ላይ ይመጣል፣ እንደ ጎህ ቅላት። ካለ ሰፊ ቦታ ፈልጌ ዳር እይዛለሁ፣ ጡሩምባ እነፋለሁ። ጭኖ የሚወጣ ቅድሚያ አለው፤ የሚወርደው ይጠብቃል። ከሌለ አበራና እሄዳለሁ። አንተ ያንን ሁሉ እሳት ለኩሰህ የሰውን ጭላንጭል በየት ታያለህ?»

እኔ ይህንን ስሰማ ያ ኤፍኤስአር ነው ፊቴ የመጣው። አጭር መብራት አብርቶ ነበር የሚወርደው። ፓውዛችን ባይኖር ኩርባው ሳይደርስ የእሱ ብርሃን ቋጥኙ ላይ ይታየን ነበር። እሱ እኛን ከሩቅ ሳያየን አልቀረም፣ ግን ያን ያህል ብርሃን ሲያይ በስንት ሜትር ላይ እንዳለን፣ አንድ መኪና እንሁን ሁለት፣ መለየት አልቻለም። የድሮዎቹ ሾፌሮች መብራታቸው ደካማ መሆኑ አስተምሯቸዋል ማለት ትንሽ ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ በዚያው መብራት ገደል ገብተዋል። አባቴ በስም የሚጠራቸው ነበሩ። ያለፈውን ዘመን ማሳመር አልፈልግም። ግን ያቺ የጥቅሻ ያህል ጨለማ ሙያ ነበረች፤ ማንም ሳይጽፋት ከሾፌር ወደ ረዳት የምትወርድ። እኛ ቤት አንድ ትውልድ ላይ ተቋርጣለች።

«ታዲያ ልፍታው?» አለ ወንድሜ።

«ለምን ትፈታዋለህ? ገንዘብህን አውጥተህ!» ሽማግሌው ተቆጡ። «አስተካክለው እንጂ።»

አስተካከለው። ረጅሙ ፓውዛ ፖርቶመጋላው ላይ ቀረ፣ ግን ከረጅም መብራት ተነጥሎ ለብቻው ማብሪያ ወጣለት፤ የሚበራው ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ማንም ሳይኖር ብቻ ነው። ሁለቱ ትንንሾች ወርደው ፓራውልቱ ሥር ታሰሩ፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዞር ተደርገው፣ ፊታቸው ወደ መሬት ትንሽ ደፋ ብሎ፣ ኩርባ ሲታጠፍ የጎማውን መርገጫ እንዲያሳዩ። ቢጫ ሽፋን አደረገባቸው። ቢጫ ብርሃን ጉም ሰንጥቆ ያልፋል የሚባለው ልብ ወለድ ነው፤ የጉም ጠብታ ለብርሃን ቀለም አያዳላም። ለዓይን ግን ይቀላል፤ ወንድሜም ምሏል። ትልቁ ጥቅም የመጣው ዝቅ በማለታቸው ነው።

ፓርኩ ውስጥ ጭራሽ አያበራም። ከደባርቅ ወደ ሳንካበርና ጭነቅ የሚወጣው መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 ግን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ላይ ቆየ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ነበር። ጭላዳዎቹ ማታ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ፓውዛ ደግሞ ኩርባ ላይ የሚያበራው ገደሉን ነው።

በአዲሱ አስተካከል ጥቂት ወራት ተሠራበት። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ኮሮና መጣና እንግዳ ጠፋ። ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነት ተጀመረ፤ ሊማሊሞም እንደ አያቶቻችን ዘመን የጦር መንገድ ሆነ፣ ከጎንደር ሽሬ የሚባል መስመር ቀረ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ጎንደር ሰዓት እላፊ ገባ። ማታ የሚነዳ ሰው ጠፋ። መብራት ማብራት ራሱ «ይኸውላችሁ፣ እዚህ ነኝ» ማለት ሆነ። ያኔ ወንድሜ ለፓውዛው ከአሮጌ ሸራ ልባስ አሰፋለት፤ እንዳይሰረቅ ነው ይላል። እኔ ግን ቀን በቀን በኬላ ሲያልፍ መስታወቱ እንዳያብለጨልጭ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ሽማግሌው አረፉ። ሐዘን ቤቱ ድንኳን በተጣለበት ሌሊት መብራት ሄደ። ሰዓት እላፊው ሳይገባ ወንድሜ ሃርድቶፑን አጥሩ ድረስ አስጠግቶ አቆመው፣ የፓውዛውን ልባስ ገለጠ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ፖርቶመጋላው ላይ ወጣና ብርሃኑ የሰው ዓይን እንዳይመታ ፓውዛውን በቁልፍ ፈትቶ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አዞረው። ነጩ ሸራ ብርሃኑን ተቀብሎ ለሰዉ ሁሉ አካፈለ። ሴቶቹ ንፍሮ ማደል ቀጠሉ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቀና ብለው አዩና «ስንት ሻማ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«95» አልኳቸው።